የመስጊድ ዕቃ

ደሴ ናት፤ ሐምሌ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
የቤተ መጻሕፍቱ ቆርቆሮ ያወራል፣
አንድ ተማሪ ብቻ መዝገበ ቃላቱን
ተንተርሶ ተኝቷል።

ያየሽ ጻፈችልኝ ከነታንያ፣ ከባሕር ወዲያ ማዶ ላይ፣
እሷም እንደኔው ናት፣ መጽሐፍ አውራጅ፣ መጽሐፍ ሰቃይ፤
ዐሥር ዓመት ሞላን ስንጠያየቅ፣ ሳንተያይ።

«ያይና፣» ትላለች፣ «ዛሬ የምጠይቅህ
ለአንባቢ አይደለም፣ ለራሴ ነው፣ አደራህ።
አያቴ አባ ጌቴ በሰባ ሰባቱ ረሃብ
ከላስታ ሲወርድ በእግሩ ወደ ደሴ፣
ብብቱ ሥር ይዞ ነበር ትንሽ ብራና፣
የሰንበት ጸሎት፣ በገዛ እጁ የጻፈው።
እሱም ብራናውም ከዚያ ወዲህ የሉም።
ምናልባት እመደርደሪያህ…» ትልና አትጨርስም።

እኔ ይህን ሥራ በዝምታ ነው የያዝሁ፤
የእናቴን ወገን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርሁ፤
ሰፈሩ «ቀጥቃጭ» ሲል ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍሁ፣
የሰውን ጥያቄ ስመልስ ኖርሁ።

ፈለግሁ። «ሃይማኖት» ከሚለው ከፊተኛው
እስከ «ልዩ ልዩ»፣ አይጥ እስከቀመሰው።
ሐይቅ ገዳም ላክሁ፤ አባም መለሱልኝ፦
«ልጄ፣ መስቀል የሌለው ብራና አላየንም፤
ብናይ አንደብቅህም።»

መልኬን ጠየቅኋት፣ ወለቃ ያለችውን፣
አሮጌ መዝገብ እንደ ዱቄት የምትነፋውን።
በሌሊት ደወለች፤ ሳል ይዟት ነበር፦
«ሞኝ ነህ ወንድሜ! እናትህ አልነገረችህም?
የኛ ሰው ጸሎት ቤቱን ምን ብሎ ነው የጠራ?
መስጊድ ነው የሚለው። ሂድ፣ ካርዱን አጣራ።»

ወሎ ውስጥ መስጊድ ስንት ነው? ማን ቆጥሮ ጨረሰ!
ቢሆንም ተነሣሁ።
ሦስተኛው ቁም ሣጥን፤ የዓጀም ጽሑፎች፣
የመንዙማ ደብተር፣ የሸሆች ውርሶች፤
በመሃል አንዲት ካርድ፣ ቢጫ፣ ብል ጥጓን የበላት፣
የቀድሞዋ ጸሐፊ ዘይነባ የጻፈቻት፦
«ከመስጊድ የመጣ። ባለቤቱ አልታወቀም።»

ሙሄ ዘበኛው ገባ፣ ጃኖው እየተንጠባጠበ፦
«እሷን ነው እንዴ? አብሽር፣ እኔ ዐውቃታለሁ፤
ዘይነባ ስትቀበል እዚሁ በር ላይ ነበርሁ።
አንድ የደከመ ሽማግሌ ነው፤ ‹ከየት?› ብትለው
‹ከመስጊድ› አለ፤ ውሃ ጠጣ፤ ሄደ፤ ይኸው ነው።
ኋላ ሸሆቹ አዩት፤ ‹ከግራ ነው የሚነበብ፣ የኛ አይደለም› አሉ።
ቄሱም አዩት፤ ‹መስቀል የለበትም፣ የኛ አይደለም› አሉ።
ዘይነባ ግን፣ ‹የፈጣሪ ስም ያለበት አይጣልም› ብላ፣
በገዛ ሻሿ ጠቅልላ
ከቁርአኖቹ ጎን አስተኛችው።»

ካርዱ አልተሳሳተም።
አርባ ዓመት እውነት ሲናገር ኖሯል፣
ያጠረው የኛ ጆሮ ነው።

ገለጥሁት። ቆዳው ላብ ላብ ይላል።
በመጨረሻው ቅጠል፣ ከጸሎቱ በታች፣
በተንቀጠቀጠ እጅ አንዲት ዕዳ ተጽፋለች፦
«ከውርጌሳው ሸማኔ ከይማም አሊጋዝ
ሁለት ቁና ገብስ ወስጃለሁ።
ከሰንበት ማግሥት እከፍላለሁ።»

በስልክ አነበብሁላት። ዝም አለች ያየሽ።
የመጽሐፍ ጋሪ ጎማ ሲንሲያጠጥ ይሰማኛል ከወዲያ።
ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ ጥያቄ፦
«ሁለት ቁና በኪሎ ስንት ይመጣል?
ከይማም ልጆች አንዱ ውርጌሳ ይገኝ ይሆናል?»

መልኬ የመስፈሪያ መዝገብ ፍለጋ ገባች፤
ሙሄ «አማቾች አሉኝ እዚያ» ብሎ ስልኩን አወጣ፤
እኔ አዲስ ካርድ ቆረጥሁ፣ «ከመስጊድ የመጣ»
የሚለውን እንዳለ ገለበጥሁ፣
«ባለቤቱ» ከሚለው ጎን ባዶ ተውሁ፤
«የመዘገበው» ከሚለው ሥር ግን፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ስሜን ከእናቴ አባት ስም ጋራ ጻፍሁ።

ተማሪው ነቃ። «ጋሼ፣ አባርቷል?» አለኝ።
«ገና ነው፣» አልሁት።